የተውሶ ሶፋ

ያኔ ቦንጋ ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው የሚደግፍ አንድ ትንሽ ማኅበር ውስጥ ነበር የምሠራው። ሥራዬ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መፍለጥ፣ ልብስ ማጠብና ጥፍር መቁረጥ ነው፤ ወረቀት ላይ ግን "የቤት ለቤት ድጋፍ ሠራተኛ" ነበርኩ። ስሙን እወደዋለሁ፤ እንጨቱን አልወደውም።

ከምረዳቸው ሁሉ ልቤን ያወልቁት የነበሩት ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ናቸው። "እማማ" ነበር የምላቸው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እሄድላቸዋለሁ። ደካ ከተማ የሚነግደው ልጃቸው ግን "ወይ በየቀኑ የሚያያት ሰው ይገኝ፣ ወይ እኔ ጋ ወስጄ አስቀምጣታለሁ" ብሎ ቁርጡን ተናገረ። ለእማማ ከቤታቸውና ከጓሮ እንሰታቸው መለየት ሞት ነው። በየቀኑ እንድሄድ የሚፈቅደው ደግሞ የማኅበሩ ኮሚቴ ሲሆን፣ ቤት ድረስ መጥቶ አይቶ ፎርም ይሞላል።

"እማማ፣ ኮሚቴዎቹ ቤቱን እንዳለ ይዩት። ሲጠይቁዎት 'አልችልም' ይበሉ፤ በቃ" እያልኩ ስመክር ሰነበትኩ።

"እሺ ልጄ፣ ምን ገዶኝ" አሉኝ። እኔ ሞኟ አመንኳቸው።

በቀጠሮው ቀን ኮሚቴውን አስከትዬ በሩን ስከፍት ቤት የተሳሳትኩ መሰለኝ። ጎረቤት እንግዳ መምጣቱን ሰምቶ፣ እማማ እንዳያፍሩ ብሎ ያለውን ሁሉ አግዞ ኖሯል። የመምህሩ ሶፋ፣ የባለሱቁ ምንጣፍ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ዳንቴል የለበሰ ቴሌቪዥን። እማማም የሰው ነጠላ አጣፍተው መሀል ቤት ቆመዋል። መምህሩ ራሳቸው እንደ አስተናጋጅ በር ላይ ናቸው።

"ተቀመጡ እንጂ!" አሉ እማማ።

"እርስዎ ቆመው እንዴት ተደርጎ!" አሉ ሰብሳቢው፣ ሸምገል ያሉ ሰው።

"እናንተ እንግዳ ናችሁ!"

"እርስዎ እናት ነዎት!"

ማንም ሳይቀመጥ ፎርሙ በቁም ተጀመረ።

"ውሃ ማን ይቀዳልዎታል?"

"ውሃ ብርቅ ነው እንዴ? ሞልቷል።"

"ምግብ ማብሰሉስ?"

"ቆጮው ቀርቧል፤ ትቀምሱታላችሁ።"

"ገላዎን መታጠብ?"

እማማ ወደ መምህሩ ዞረው በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ "ይሄ ሰውዬ ጤነኛ ነው?" አሉ። ሰብሳቢውም አፋቸውን የፈቱት በካፊኖኖ ነውና አቀርቅረው ጻፉ።

ቀጥለው ቴሌቪዥኑን አየት አድርገው "ድጋፍ አያስፈልጋቸውም" ብለው መጻፍ ሲጀምሩ ደሜ ፈላ።

"ጋሼ፣ እስኪ ሶኬቱን ያሳዩኝ! እዚህ ቤት እኮ መብራት አልገባም!"

"ሊገባ ነው" አሉ መምህሩ ፈጠን ብለው።

እማማ በዓይናቸው ገደሉኝ። ፎርሙ ተፈረመ። እኔም እማማን በሐሳቤ ደካ አደረስኳቸው።

እንግዳ ሳይቀምስ አይሄድምና ቆጮው በጎመን ቀረበ። እማማ ካልተቀመጡ ማንም እንደማይበላ ሲገባቸው ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ፤ ሶፋውም ዋጣቸው። ተበላ፣ ተመረቀ፣ እንግዶቹ ተነሡ። እንግዳን እስከ አጥር አለመሸኘት በእማማ ዘንድ ከስድብ አይተናነስም። ሊነሡ ሞከሩ፤ አልሆነም። ደገሙ፤ አልሆነም።

"እናንተ ቅደሙ፣ እደርስባችኋለሁ" አሉ። ግንባራቸው ላብ አውጥቷል። ማንም አልቀደመም። አንዱን ክንድ ሰብሳቢው፣ ሌላውን እኔ ይዘን ጎትተን አወጣናቸው።

"ሶፋው ነው" አሉ እማማ።

"አዎ፣ የዛሬ ሶፋ!" አሉ ሰብሳቢው። እማማ በኔ ክንድ ተደግፈው እስከ አጥር ሸኟቸው። እዚያ ሰብሳቢው ፎርሙን አውጥተው የጻፉትን ሰረዙና "በየቀኑ" ብለው ጻፉ።

ደስታዬን ልነግራቸው ስል እማማ ፊታቸውን አዞሩብኝ። "በሰው ፊት የቴሌቪዥኑን ነገር ማውጣትሽን አልረሳልሽም" አሉኝ። ይቅርታ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ተመልሰው ክንዴን ያዙና፣

"ነገ ማልደሽ ነይ" አሉ። "በማትመጪበት ቀን አልጋ ላይ ነው የምውለው።"

ሁለት ዓመት ስመላለስ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ማን እንደሚያነሣቸው አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።