ጥቁሩ አለላ በየት ይዙር

እግሬ ቤት አይወድም። ልጆቼ «እናታችን ባጃጅ ናት» ብለው ይስቁብኛል፤ ትንሹ ደግሞ ባጃጅስ ነዳጅ ሲያልቅበት ይቆማል ይላል። ይሳቁ። ጠዋት ነጠላዬን ጣል አድርጌ እወጣለሁ፣ በሸዋ በር ገብቼ በግንብ የታጠረውን ጀጎልን እዞረዋለሁ፣ እግሬ በፈለገው በር እወጣለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በስተእርጅና፣ የልጅ ልጄ የቤት ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ ነው። ስለዚህ የምጽፈው እንደማወራው ነው፤ ሌላ አጻጻፍ አላውቅም።

ግጥም ግን ፊደል ሳልለይም ነበረኝ። ለቅሶ ቤት ስገባ ሁለት ስንኝ ይመጣልኛል፤ ሠርግ ላይም እንደዚሁ። ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። እንዴት እንደሚጣራ ግን ያስተማረችኝ ሰው ነበረች።

ጀጎል ውስጥ የሰፌድ ስፌት ትሰፋ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ አባሮኝ በሯ ሥር ብጠለል፣ «ውጪ ሆኖ መጠለል ምንድን ነው? ግቢ» አለችኝና ገባሁ። በዚያው ለመድኩ። እሷ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ ከልጆቿ ጋር በከተማው ቋንቋ ታወራለች፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ። እሷ ወስፌዋን ይዛ መደቡ ላይ፣ እኔ ከሥሯ። መንገድ ላይ ያመጣሁትን ስንኝ እነግራታለሁ። ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ታዳምጣለች። ከዚያ ብዙ ጊዜ የምትለኝ አንድ ነገር ነው፦ «አላየሁትም።»

መጀመሪያ ይከፋኝ ነበር። ግጥም ይሰማል እንጂ ይታያል ወይ እላታለሁ። እሷ ግን ያላየችውን መስፋት አትችልም። ፍቅር ብዬ ብገጥም «ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ናፍቆት ስላት «ወፍራም ነው ቀጭን?» ስለ ሰው ደግነት ብዙ ቃል ደርድሬ አንድ ቀን ብነግራት፣ ወስፌዋን ፀጉሯ ላይ ሰክታ፣ ደግነቱን ተይውና በእጁ ምን እንደያዘ ንገሪኝ አለችኝ። እየቆየ ገባኝ። ስንኜን ይዤ ስመጣ በእሷ ዓይን እያየሁት መጣሁ፤ የማይታየውን እዚያው መንገድ ላይ ጥዬው እገባለሁ። አንዳንዱን ስንኝ «አየሁት» ትላለች። ያኔ አለላውን፣ ያንን ቀለም የተነከረ ሣር፣ ከየእስሩ እየመዘዘች ምንጣፉ ላይ ትደረድራለች። የእኔ ሁለት ስንኝ ሰፌድ ይሆናል።

የመጨረሻዋን ሰፌድ የጀመረችው ለልጅ ልጇ ሠርግ ነው። የአያት እጅ ያለበት ስፌት ሳይሰቀል የሙሽራ ግድግዳ ሞላ አይባልም። ግጥሙ የእኔ ነበር፤ ቀለሙን ራሷ ነክራ፣ ራሷ አድርቃ ጀመረችው። ሳትጨርሰው ሞተች።

ስሰማ ሮጬ ሄድኩ። ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ የለመድኩት የእኛን ነው፤ ገና ከደጃፉ ሙሾዬን አወጣሁ። የመጀመሪያው ቃል ከአፌ እንደወጣ አንዲት አሮጊት ጉልበቴን ያዙኝ፤ እነሱ ዘንድ ለሞተ ሰው ዱዓ እንጂ ድምፅ ከፍ ተደርጎ እንደማይለቀስ በቀስታ ነገሩኝ። ማንም አልተቆጣኝም። እንዲያውም ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ለእሷ ያልኩት ሙሾ ግን ሳይወጣ ቀረ።

ሠርጉ ሲቀርብ ልጇ፣ የሙሽራዋ እናት፣ ደወለችልኝ። እሷም እንደ እናቷ ስፌት ትሰፋለች። ስደርስ ሰፌዱ ጭኗ ላይ ነው። ከመሐል ጀምሮ ቀዩና ቢጫው እንደ ሁለት መንገድ ወደ ጠርዝ ይወጣሉ፤ በመሐላቸው አንድ ጥቁር መስመር አለ። ወደ ጠርዙ ሲጠጉ እየቀጠኑ፣ እየተቀራረቡ ይመጡና እዚያው ላይ ስፌቱ ይቆማል። ቀሪው ጥቂት ዙር ነው። ልጅቷ ጥቁሩን እዚያው ዘግታ ሞክራዋለች፣ ፈታችው። ጥቁሩን በመሐላቸው እስከ ጠርዝ ወስዳ ሞከረች፣ ፈታችው። በስልክ ፎቶ አንስታ ለአክስቶቿ ላከች፤ እያንዳንዷ የየራሷን ነገረቻት፣ አንዷም እናቷን አልመሰለችም። አለላ ደግሞ ተፈትቶ ሲሰፋ ይሰባበራል። እናቷ ከነከረችው ጥቁር የተረፈው እፍኝ አይሞላም።

«አይ ‹ይህ የጓደኛዬ ግጥም ነው› ትል ነበር» አለችኝ፤ እናቷን አይ ብላ ነው የምትጠራት። «እማማ፣ ግጥሙን ይንገሩኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምሰፋው፤ ከተሳሳትኩ የእሷ ቀለም አለቀ።»

የመጀመሪያውን ስንኝ ወዲያው አልኩላት፦

በጠባብ መንገድ ላይ ተጋፍቶ ማን ያልፋል፣

ሁለተኛውን ደግሞ፦

ትዕግሥት ላለው ሰው ግን ሁሉም ይሰፋዋል።

ልጅቷ ወስፌዋን አስቀመጠች። ዓይኗ ጠበበ። «ትዕግሥትን አይ በየትኛው ቀለም ትሰፋው ነበር?»

የሞተችው የተናገረች መሰለኝ። ሳቅኩ፤ ሳቄ ሳያልቅ ደነገጥኩ። እውነቷን ነው፤ ያን ስንኝ እናቷም አልተቀበለችውም ነበር። «ትዕግሥት የት አለ? አሳዪኝ» ብላ መልሳልኛለች፣ እኔም ሌላ ገጥሜላታለሁ። ሌላው ጠፋኝ። ልቤ የያዘው የተጣለውን ነው።

ሌላ ልፈጥርላት እችል ነበር፤ ይህ ለእኔ አይከብድም። ግን ቤቱ ያማረ ስንኝ ብሰጣት እንኳ በእናቷ ቀለም የእናቷ ያልሆነ ነገር ልትሰፋ ነው። ሙሽራዋም ዕድሜዋን ሙሉ የአያቴ ነው እያለች ልታየው።

እኔ ግጥም የማስቀምጠው መንገድ ላይ ነው። የመጣልኝን ስንኝ ለማግኘት የመጣበት ቦታ መሄድ አለብኝ። ያን ቀን ከጓደኛዬ ጋር ቀለም ገዝተን ስንመለስ እንደነበር ትዝ አለኝ። ተነሺ እንሂድ አልኳት። ልጅቷ ሰፌዱን በሻርፕ ጠቅልላ በብብቷ ያዘች።

የልብስ ሰፊዎቹን መኪና ድምፅ አልፈን ወጣን፣ ከዚያ ወደ ጠባቡ መንገድ ታጠፍን። እጄን ዘርግቼ ሁለቱን ግንብ እነካለሁ። እዚህ ነው፣ እርግጠኛ ነኝ። ቆምኩ። ምንም አልመጣም። ትንሽ ወደፊት ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ልጅቷ ሰፌዱን በብብቷ እንደያዘች ትከተለኛለች።

በላይ በኩል በሁለት እጇ ሁለት ጀሪካን ውኃ የያዘች ወፍራም ሴት መጣች። እኔም የምኮራበት ቅጥነት የለኝም። አየችኝ፣ አየኋት።

«እማማ፣ ይህ መንገድ ሲሠራ እርስዎንና እኔን ማንም አላሰበንም» አለች።

ጀርባዬን ግንቡ ላይ ለጠፍኩ። እሷም ጀርባዋን ወዲያኛው ግንብ ላይ ለጥፋ በጎን በጎን እያለች መጣች፤ ጀሪካኖቿ ጉልበቴን እየነኩት። እኔ ጋ ስትደርስ ፊቷ ከፊቴ ገጠመ። እዚህ መንገድ ላይ ሰው ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ አያልፍም፤ ነውር ነው። ደህና ዋሉ አለችኝ። ደህና ዋይ አልኳት። ሄደች፤ እኔ ግን ከግንቡ አልተላቀቅኩም። ያን ቀንም እንዲህ ነበር፤ አንዲት ሴት አሳልፈን፣ ጓደኛዬ ከወዲያ ግንብ እኔ ከወዲህ ግንብ ተለጥፈን ቀርተን፣ እዚያው እንደቆምን ነው ስንኙን ያልኩላት፤ እዚያው እንደቆመች ነው «አየሁት» ያለችኝ።

በጠባብ መንገድ ላይ ተጋፍቶ ማን ያልፋል፣
ጀርባ ለግንብ ሰጥቶ ፊት ለፊት ይታያል።

ለልጅቷ ደግሜ አልኩላት። ሻርፑን ፈታች፣ ሰፌዱን አየችው፣ ግንቦቹን አየቻቸው። ቀዩና ቢጫው ሁለት ሰው ናቸው አለች፤ ጥቁሩ ግንብ ነው። «እስኪገናኙ በመሐላቸው ነበር፤ ሲገናኙ ግን ግንብ በመሐላቸው ምን ይሠራል? ከኋላቸው ነው መሆን ያለበት።»

ቤት ገብታ ያችን እፍኝ የማትሞላ ጥቁር ለሁለት ከፈለቻት። ጥቁሩ ከመሐል ወጥቶ አንዱ ከቀዩ ጀርባ፣ አንዱ ከቢጫው ጀርባ ዞረ፤ ቀዩና ቢጫው ተነካኩ። እየሰፋች ግጥሙን እንድልላት ጠየቀችኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ወስፌው ሲገባ አንዱን ስንኝ፣ ሲወጣ ሌላውን አልኩላት። ሙሾ አልነበረም፤ ማንም ጉልበቴን አልያዘኝም። ያኔ ሳይወጣ የቀረው ግን ወጣልኝ።

የመጨረሻውን ጫፍ ስትሸጉጥ ከጥቁሩ የተረፈው ስብርባሪ ብቻ ነበር። ተነሥታ ሰፌዱን በበሩ ብርሃን ላይ ያዘችው። ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ብዙ ቆየች። እኔም እንደ ድሮው ከመደቡ ሥር ሆኜ ፍርዴን ጠበቅኩ።

«አየሁት» አለች።