እየተሰዳደብን እስከ ወፍጮ ቤት

አባቴ ልኳንዳ ቤት ነበረው። በሬ ጠልፎ የሚጥል ሰው ነበር። እኔንም እንደ በሬው ነው ያሳደገኝ፤ በቀበቶ፣ በአለንጋ፣ ምንም ካጣ በጫማ። ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጬ ባጃጅ ልነዳ ነው ያልኩት ቀን በቢላ ጀርባ ግንባሬን ፈነከተኝ። ጠባሳው አሁንም አለ። እንግዲህ ይሄ ሰውዬ ነው ልቡ ደክሞ አልጋ ላይ የወደቀው።

እግሩ እንደ ጀሪካን አበጠ። በጣት ስትጫነው ጎድጉዶ ይቀራል። ጋደም ሲል ስለሚታፈን እኔና እናቴ ትራስ ደራርበንለት ተደግፎ ነው የሚያድረው። ሆስፒታል ገብቶ፣ የሚያሸናውን ኪኒን ጀምሮ እብጠቱ ሲጎድል ነርሷ ጠራችኝ። ከሌላ ክልል ተመድባ አሰላ የመጣች ቀጭን ልጅ ናት፤ ምላሷ ግን ከእኔም ይብሳል።

«እየው፣ ኪኒኑ ብቻውን አያቆመውም። ይራመድ። በየቀኑ፣ ሜዳ ሜዳውን፣ ቀስ ብሎ።»

«ልቡ ታሞ?»

«ልቡ ስለታመመ! ተኝቶ ከዋለ ያለችውም ጉልበት ትሄዳለች። እየሄደ ማውራት ከቻለ ደህና ነው። ወሬው ከተቆራረጠበት አስቀምጠው። ደረቱን ካመመው ወይ ካዞረው ደግሞ ምንም ሳትጠብቅ ይዘኸው ና።»

ቀላል መሰለኝ። ሰፈራችንን ረስቼ።

እኛ ጋ ሰው ታመመ ማለት ሰፈሩ በሙሉ አልጋው ዙሪያ ይሰፍራል። ከጠዋት እስከ ማታ ጠያቂ ነው። ለእብጠቱ የማይሆነው ጨው የበዛበት የአጥንት መረቅ ይዘው ይመጣሉ፤ አይሆንም ብትል ስስታም ትባላለህ። አባቴ ትንሽ ቀና ካለ ስንት እጅ ተረባርቦ መልሶ ያስተኛዋል። «ኧረ በሞቴ እንዳይነሱ!» እሱም ተመቸው። ሽንት ቤት እንኳን ደግፉኝ ማለት ጀመረ። እንዲነሳ ስለምነው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እግሩ ተመልሶ ማበጥ ሲጀምር፣ ይሄ ሰውዬ እዚችው አልጋ ላይ ሊሞትብኝ ነው አልኩ።

አንድ ጠዋት ልመናው አንገፈገፈኝና ብርድ ልብሱን ገፈፍኩት።

«ይነሱ።»

«ዞር በል ከፊቴ!»

«እሺ ይተኙ። ልኳንዳውን ግን ለዛ ለማዶው ባላንጣዎ ላከራየው ነው። ሰውዬው አልቆለታል፣ ዶሮም አያርድ ብዬዋለሁ።»

ፊቱ ጠቆረ። ዱላውን ሳበ። «የውሻ ልጅ!»

«ታዲያ ውሻው ማን ሊሆን ነው?»

ተነሳ! እኔ በርጩማ ይዤ የኋሊት እየሄድኩ፣ እሱ ዱላ እያወናጨፈ፣ በዛ ከጭላሎ ተራራ በሚወርደው ብርድ ከግቢ ወጣን። ነርሷ ማውራት ከቻለ ደህና ነው ብላለች። አባቴ ደግሞ ከስድብ ሌላ ወሬ የለውም። ስድቡን ባንድ ትንፋሽ ከጨረሰ እንሄዳለን። «አንተ የተረገምክ፣ አንተ...» ብሎ መሃል ላይ ከተቋረጠ በርጩማውን አስቀምጣለሁ፣ ቁጭ ይላል፣ ትንፋሹ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥልልኛል። አንዳንዴ ጠጋ ስል በዱላው ያገኘኛል። ትከሻዬ በልዞ ነው የከረመው። ይምታኝ! ቀን በቀን ስድቡ እየረዘመ መጥቶ ወፍጮ ቤቱ ድረስ መሄድ ጀመርን።

ለነርሷ ስነግራት መጀመሪያ በሳቅ ሞተች፣ ከዛ ጮኸችብኝ።

«አብግነው መች አልኩህ? ግፊቱ ቢነሳስ?»

«ካልተናደደ አይነሳማ፣ እህቴ!»

«እንግዲያው ለማስነሳት ብቻ። ከተነሳ በኋላ አለስልሰው።»

አለሰለስኩት። መንገድ ላይ ስለ በሬ አነሳለታለሁ። እሱ ግን ስለ በሬም የሚያወራው እየተሳደበ ነው።

ሰፈሩ የሚያየው ሌላ ነው። በሽተኛ አባቱን በየመንገዱ የሚያንገላታ ባለጌ። ሳጉሬ ላለው አጎቴ ደወሉለት። በማግስቱ ሁለት ጎረምሳ አስከትሎ በሚኒባስ ደረሰ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ያዘን። አንድ ቃል አልጠየቀኝም።

«ወንድሜን ልትገድለው ነው?» ብሎ አፌን በቡጢ አለኝ። ጥርሴ ተነቅሎ ምላሴ ላይ ወደቀ። እኔም በቴስታ አፍንጫውን አልኩት። ደሙ ጋቢው ላይ ተንዠቀዠቀ። ጎረምሶቹ ጭቃ ውስጥ ጣሉኝና ጎድኔን በእርግጫ ይሉኝ ጀመር። ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ሳይቀሩ «ሩኩቲ! በለው!» ይላሉ። አባቴ ዱላውን ይዞ የሆነ ነገር ይጮሃል፣ ማንም አልሰማውም። ባጃጅ ላይ ጭነው ወስደው አልጋው ላይ መልሰው አስተኙት። እኔን ከቤት አባረሩኝ።

ጓደኛዬ ጋ ጎድኔን አስሬ ተኝቼ ሳለሁ እናቴ ደወለች። «እግሩ እንደገና አብጧል። መረቁን እየጋቱት ነው፣ እምቢ ማለት አቃተኝ» ብላ አለቀሰች።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ካልታረቅክ ግቢውን አትረግጥም አሉኝ። ለመግባት ብዬ እሺ አልኩ። ድንጋይ አንገቴ ላይ አሸክመው አባቴ ፊት አንበረከኩኝ። እሱ ጋቢ ተከናንቦ ወንበር ላይ ያቃስታል። አጎቴ አፍንጫው እንደ ድንች ሆኖ ጎኑ ቆሟል።

«በል ልጄ፣ ይቅርታ ጠይቅ። ሁለተኛም ከአልጋቸው አላስነሳቸውም በል» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«ይቅርታውን እላለሁ። አላስነሳቸውም ግን አልልም።»

«ሰማችሁት?» አለ አጎቴ። «ይሄን መሬት ውስጥ ነበር መቅበር!»

ሽማግሌው ወደ አባቴ ዞሩ። «እርስዎም ይማሩት፣ ልጅ ነው። ከእንግዲህ በሰላም ይተኛሉ።»

አባቴ ጋቢውን ከራሱ ላይ ገፈፈ። ትንፋሹ ከውጪ ይሰማል። «አልምረውም» አለ።

«ኧረ ስለ ማርያም!»

«አልምረውም ብያለሁ! ከማርኩት ነገ በምን እነሳለሁ? ይሄን ሁሉ ቀን ስትጠይቁኝ አንዳችሁ ከአልጋ አውርዳችሁኛል?»

ሊነሳ ሲል አጎቴ ክንዱን ይዞ ወደ ታች ተጫነው። አባቴ ዱላውን አንስቶ እጁን አለው። ጣቱ ቋ ሲል ሰማሁ።

«ልቀቀኝ! በቁሜ ልትገንዘኝ ነው?»

ተነሳ። እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ቆመ። ሽማግሌዎቹም ግራ ገብቷቸው አብረው ተነሱ። ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ደግሞ ምን እንደ ችካል ትገተርብኛለህ? ቅደም!»

ድንጋዩን ወርውሬ፣ ጎድኔን በእጄ ደግፌ ቀደምኩ። ከኋላ አጎቴ ጣቱን ይዞ ዘር ማንዘራችንን ይራገማል። የግቢውን በር ስከፍት ዱላው መሃል ጀርባዬን አገኘኝ።