የካላኒ እናት ቤት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ቬጋስ ዳር ካለው ሰፈሯ፣ ከሰመርሊን ደወለችልኝ። ወረርሽኙ ከመጣ ጀምሮ ከቤት መሥራቱ ሰልችቷት ሆኖሉሉ ልትሄድ ነው። «ከመብረሬ በፊት የሚጠየቀውን የወረርሽኙን ቴስት ቡክ አድርጌያለሁ። እማዬ፣ አንቺ ሄደሽ የለ? ምን ምን ልይ?» አለችኝ። እዚያው አቅራቢያ ሄንደርሰን ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ፣ ደረቁ ተራራ ፊት ለፊቴ ተደቅኖ፣ ስለ ባሕር ማውራት ጀመርኩ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ቬጋስ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ። ሥራውን ያስተማረችኝ ካላኒ የምትባል፣ በአሥር ዓመት የምትበልጠኝ የሆኖሉሉ ሰው ናት። አንድ ቀን አንሶላ ስናነጥፍ፣ «ፈቃድ ውሰጂና አገሬን ላሳይሽ» አለችኝ። በደስታ ፈነደቅሁ። ከእናቷ ጋር ከተኳረፈች ሰባት ዓመት እንደሆናት የነገረችኝ ግን አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ነው። እናቷ ያልወደዱትን ሰው አግብታ ወጣች፤ ሰውየው ጥሏት ሲሄድ ደግሞ ለመመለስ አፈረች።

ከአውሮፕላን ስንወርድ አየሩ እንደ ሞቀ እርጥብ ፎጣ ፊቴ ላይ ተለጠፈ። በመጀመሪያው ቀን የደሴቲቱን የድሮ ነገሥታት ቤተ መንግሥት አየን። ወለሉ እንዳይጫር ጫማችን ላይ የጨርቅ ሽፋን አጥልቀን ገባን። ሌላው ሰው ዙፋኑን ያያል፤ እኔ ደግሞ የእንጨቱ ደረጃ በምን ተወልውሎ እንዲህ እንደሚያበራ እመራመራለሁ። ሥራ የማይከተልበት አገር የለም። በማግስቱ ከከተማዋ ጫፍ ያለውን ተራራ ወጣን። ከላይ ሆነን ሰማያዊውን ባሕር ስናይ ፀሐይዋ እያበራች ዝናብ ወረደ። «ጅብ ወለደች!» ብዬ ጮህኩ። ትርጉሙን ስነግራት ካላኒ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስንወርድ ገበያ ገብተን ሎሚ የተጨመቀበት ፓፓያ በላን።

ማታ ማታ፣ «እናትሽስ?» እላታለሁ።

«ነገ» ትለኛለች።

በሦስተኛው ቀን ባሕር ውስጥ ያሉትን ዓሣዎች ልታሳየኝ ስትነሣ እምቢ አልኩ። «የእኔ እናት በሕይወት ብትኖር በእግሬም ቢሆን እሄድ ነበር። ያንቺ እናት ጋ በአውቶቡስ ይደረሳል» አልኳት። ከዚያ ቦርሳዋን አነሣች።

የእናቷ ቤት ዳገት ላይ ያለ ትንሽ የእንጨት ቤት ነው። ፀጉራቸው የነጣ አጭር ሴትዮ አትክልት ያጠጣሉ። ልጃቸውን ሲያዩ ደርቀው ቀሩ። ካላኒም ባለችበት ቆመች። ግራ ሲገባኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ «እኔ ጓደኛዋ ነኝ። እርቦናል» አልኳቸው።

ሴትዮዋ ውኃውን ዘጉ። «ታዲያ ምን ቆማችኋል? ጫማችሁን አውልቁና ግቡ!»

የተጠበሰ ዓሣ በሩዝ በላን። እናትና ልጅ ሳህን ሊያጥቡ ወደ ውስጥ ሲገቡ እኔ ሆን ብዬ በረንዳው ላይ ቀረሁ። መጀመሪያ ለቅሶ፣ ቆይቶ ሳቅ ሰማሁ። በቀሩን ሁለት ቀናት ከከተማዋ ሌላ ነገር አላየንም፤ ከዚያ ቤት የሚወጣ አልነበረም።

ልጄ ቤተ መንግሥቱንና ተራራውን ስልኳ ላይ ጻፈች። እኔ ግን ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ካላኒን ሳስብ ዋልኩ። በወጣትነቴ ከተማ ልታሳየኝ የወሰደችኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ ያን በር ብቻዋን ማንኳኳት ከብዷት ኖሯል። በሆቴሉ ከነበረው ሰው ሁሉ እኔን መምረጧ፣ ይኸው በዚህ ዕድሜዬም ደረቴን ያስነፋኛል።