የወንድሜ ልብና የእኔ ልብ

መጀመሪያ እንዝርቱ ወደቀ። አነሳሁት። ደግሞ ወደቀ።

ቤታችን ጉለሌ፣ ከቁስቋም ወደ ታች በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እናቴ እየፈተለች ሽሮ ሜዳ ለሸማኔዎች ትሸጣለች፤ እኔም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እፈትላለሁ። ትምህርት ቤት የሚሄደው በአንድ ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ግርማ ነው። ክረምቱ ላይ ሁለታችንንም ጉሮሯችንን አሞን ነበር። ትኩሳቱ ሲለቀን ዳኑ ተባልን።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የግርማ ጉልበት አበጠ። ኳስ ሲጫወት መሐል ሜዳ ላይ ቁጭ አለ፤ ጓደኞቹ ተሸክመው አመጡት፤ ሰፈሩ ሁሉ አየው። በማግስቱ እናቴ ሆስፒታል ወሰደችው። ሐኪሙ "ሩማቲክ ፊቨር ነው፤ ከጉሮሮ ይጀምራል፣ ካልታከመ ልብ ይጎዳል" አሏት። በየወሩ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ታዘዘለት።

እኔ ኳስ አልጫወትም። ስለዚህ ማቆሜን ያየ የለም። ዳገት ስለሚያደክመኝ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው። ጎረቤቶች "ምን ያለች ጨዋ ልጅ ናት፣ አረማመዷ እንኳ አይሰማም" ይላሉ። እናቴ ደስ ይላታል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ የቀኝ እጄ መዝለል ጀመረ። ሳላዘው ይወረወራል። ክሩ ይበጠሳል። የጥጡ አመልማሎ ይበተናል። ፊቴም ይጨማደዳል።

"ታሾፊብኛለሽ?" አለችኝ እናቴ።

"አላሾፍኩም።"

"ታዲያ ያ አፍ ምን ሆኖ ነው የሚጣመመው?"

አለቀስኩ። ያን ሰሞን በሆነ ባልሆነው አለቅስ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ሰምተው "ተያት እባክሽ፤ ለአቅመ ሔዋን እየደረሰች ነው። ቅብጠት ነው፣ ይተዋታል" አሉ።

አልተወኝም። ጠበል ተወሰድኩ። እጄ አልቆመም። ልቤ ሲመታ ጆሮዬ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

ግርማ መርፌ ሊወጋ ሲሄድ ምሳ ዕቃውን የምሸከመው እኔ ነኝ። በሽተኛው እሱ ነዋ! መንገድ ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ስቆም "አንቺ ጨዋ፣ ደግሞ እዚህ የማንን ደጅ ልትሳለሚ ነው?" ብሎ ይቀልድብኛል።

አንድ ቀን ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ሳለ ምሳ ዕቃው ከእጄ ተወረወረ። ወጡ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። እናቴ ልትቆነጥጠኝ ተነሳች።

"ይተዉአት" አሉ ሐኪሙ። ሁለት ጣታቸውን አስያዙኝ። "ጨብጪ፣ እንዳትለቂ።"

ጨበጥኩ። እጄ ግን ላም እንደሚያልብ ሰው እጅ ጠበቅ ይላል፣ ላላ ይላል።

"አሁን ምላስሽን አውጪ።"

እናቴን አየሁ። ትልቅ ሰው ፊት ምላስ አይወጣም።

"አውጪ እንጂ፣ የእኔ ልጅ።"

"ኧረ ጓድ ዶክተር፣ እኔ እንዲህ አድርጌ አላሳደግኋትም!" አለች እናቴ።

"አይ እናት፣ አስተዳደጓን አይደለም የማየው" አሉ ሐኪሙ።

አወጣሁ። ራሱ ተመልሶ ገባ። ደግሜ አወጣሁ። ገባ። ግርማ ሳቀ። ሐኪሙ አልሳቁም። ማዳመጫቸውን ደረቴ ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

"ይህ ሳታዘው መወራጨቷ ኮሬያ ይባላል" አሉ። "ያው የወንድሟ በሽታ ነው፤ እሷ ላይ በዚህ በኩል መጣ። ሴት ልጆች ላይ ይበዛል። ልቧም ተነክቷል። ሚትራል የምንለው ቫልቭ፣ የልቧ በር፣ ደም ወደ ኋላ ያፈሳል።" ወደ እናቴ ዞረው ጨመሩ፦ "ወንዶቹን ኳስ ሲያቆሙ ታመጡልናላችሁ። ሴቶቹ ግን የሚያቆሙት ነገር አይታይም።"

እናቴ ጎንበስ ብላ የፈሰሰውን ወጥ በነጠላዋ ጫፍ መጥረግ ጀመረች። ማንም አላዘዛትም።

ብዙ ወራት አልጋ ላይ ዋልኩ፤ መርፌው ለእኔም ታዘዘ፣ የእኔ ሥራ የነበረው ውሃ መቅዳት ወደ ግርማ ዞረ፣ ምሳ ዕቃውንም ከዚያ ወዲያ ራሱ ያዘ። ሐኪሙ የእጄን መሻል የሚያዩት በጽሕፈት ስለነበረና እኔ ደግሞ መጻፍ ስለማልችል ፊደል እንዲያስቆጥረኝ ግርማን አዘዙት፤ እሱም በየቀኑ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ "ይሄ ሀ ነው ወይስ የተረገጠ በረሮ?" እያለ እያሳቀኝ፣ የፊደሎቹ እግር ቀጥ እስኪል ድረስ አስጻፈኝ። ቀበሌያችን የመሠረተ ትምህርት ክፍል ሲከፍት እኔ ማንበብ ጀምሬ ነበር። ትምህርት ቤት የገባሁትም ከዚያ በኋላ ነው፤ ዘግይቼ፣ ከትንንሾች ጋር።

የግርማ ልብ ያለ ጠባሳ ዳነ። የእኔ ቫልቭ ላይ ጠባሳ ቀረ፤ ዛሬም ደረጃ መሐል ላይ አርፋለሁ። በሽታው በወንድና በሴት የሚለያይበትን መንገድ ሐኪሞች ያውቁታል፤ እኔ የማውቀው በእሱና በእኔ ሕክምና መካከል ያለፉትን ወራት ነው። እነዚያን በሽታው አላመጣቸውም።

ለእኒያ ሐኪም፣ ለወንድሜ፣ መርፌዬን አንድ ወር እንኳ ሳታሳልፍ ላስወጋችኝ እናቴ ምስጋናዬ አያልቅም። ይህን የምታነቡ እናቶች፣ የልጅ ጉሮሮ ሕመምን አትናቁ፤ የታዘዘውን መርፌ ደህና ሆነ ብላችሁ አታቋርጡ። ሴት ልጃችሁ ዝም ካለች፣ ቀስ ብላ ከሄደች፣ ዕቃ ከእጇ ከወደቀ፣ ከማመስገናችሁም ከመቆጣታችሁም በፊት ልቧን በሐኪም አስደምጡላት። ሐኪሙ ምላስሽን አውጪ ካላትም፣ ስታወጣ ነውር ነው አትበሏት።