የጣናው ዛጎል በደባርቅ ክረምት

ዛጎሉ ደባርቅ የገባ ዕለት በኪራይ ክፍሌ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። በፎቶ ቤቱ ረዳት የነበርኩት እኔ። ዛጎሉን ያመጣው ጓደኛዬ፣ የሁለተኛ ደረጃው የባዮሎጂ መምህር። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው የቤቱ ባለቤት። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ የነበራቸውና የከረሜላ ብልቃጣቸውን ያዋሱን ሐጂ። አምስተኛው የቀበሌው ጥበቃ ነበር። ከአውቶቡስ በእርጥብ ፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ የወረደ ሰው አይቶ ዝም ማለት ስላልሆነለት መምህሩን እስከ ቤት ተከትሎት መጣ።

«ፍታው» አለ።

መምህሩ ፎጣውን ፈታ። ውስጡ በጎርጎራ በኩል ከጣና ዳር አሸዋ ያወጣው፣ መዳፍ የማይሞላ ቡናማ ዛጎል ነበር። ሁለት ክዳኖቹ በአንድ ጎን ተጋጥመው በሌላው እንደ ሙዳይ ይከፈታሉ። ጥበቃው በጣቱ ሲነካው ጥርቅም አለ። ጥበቃው እጁን ሰበሰበ።

«ይናከሳል እንዴ?»

«ጥርስ የለውም» አለ መምህሩ።

«ይበላል?» አሉ እትዬ።

«ለእናንተም ለእኛም የሚሆን አይመስለኝም» አሉ ሐጂ። «አንድ የሚያስማማን ነገር ተገኘ።»

ጥበቃውም ሳቀ። መምህሩ ከዛጎሉ ጋር ያመጣውን አሸዋ ከብልቃጡ ግርጌ ነሰነስን፣ ውኃ ሞላን፣ ዛጎሉን አስቀመጥነው።

መምህሩ በሳምንቱ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ አምባራስ ሊወጣ ነበር። ሻንጣውን እያሰረ፣ «ለተማሪዎቼ በየዓመቱ በጠመኔ ሥዬ ነው የማሳያቸው» አለኝ። «ድንጋይ ነው የሚመስላቸው። ዘንድሮ ከነነፍሱ እንዲያዩት እፈልጋለሁ። ክረምቱን ብቻ አሻግርልኝ።» ጫፉ የተቀደደ የውጭ አገር መጽሔትም ተወልኝ። ስለ ዛጎል የሚያወራው ገጽ ታጥፎ ነበር።

በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ አነበብኩት። በሩቅ አገር ሰዎች የባሕር ዛጎል በቤታቸው በመስታወት ሣጥን ያኖራሉ። ዛጎሉ የሚኖረው በብርሃን ነው ይላል፤ ሥጋው ውስጥ ዓይን የማያያቸው አረንጓዴ ነገሮች አሉ፣ እነሱ ከብርሃን ምግብ ይሠሩለታል። ስለዚህ ከሣጥኑ በላይ ብርቱ መብራት ይሰቀላል፣ ውኃውም ብርሃኑ እስከ ታች እንዲደርስ ጥርት ያለ መሆን አለበት። ደስ አለኝ። ስለ እንስሳት ብዙ አላውቅም፤ ብርሃን ግን ሥራዬ ነበር።

ከፎቶ ቤቱ የብርሃን መለኪያውን አመጣሁ። የክብሪት ቀፎ የሚያህል፣ መርፌ ያለው ዕቃ ነው። መስኮቱ ላይ ለካሁ፤ ከብልቃጡ ጀርባ ደግሞ ውኃውን አልፎ የሚመጣውን ለካሁ። ከሊማሊሞ ገደል ጉሙ ሲወጣ መርፌው ተኝቶ ይውላል። ሰማዩን ማስተካከል ስለማልችል መስታወቱን አስተካከልኩ። በየጠዋቱ በጥጥ፣ ሌንስ እንደምንጠርገው ከመሐል ወደ ዳር እያዞርኩ ወለወልኩት። ጥጡ ላይ አረንጓዴ ነገር ካየሁ እንደገና ወለወልኩ። ውኃውንም በየቀኑ ቀየርኩ። ማታ የከተማው ጄኔሬተር ሲጠፋ ፋኖሴን አብርቼ ብልቃጡ አጠገብ አደርግ ነበር።

አንድ ምሽት ጥበቃው መስኮቱን ቆረቆረ።

«ጓድ ፎቶ አንሺ፣ ለማን ነው የምታበራው?»

«ለዛጎሉ።»

«እኔ በጨለማ ስዞር ድንጋይ ያደናቅፈኛል፤ ቀንድ አውጣ ፋኖስ ይበራለታል!»

«ቀንድ አውጣ አይደለም።»

«ወደ መንገድ የሚታይ መብራት ተከልክሏል። ቀንድ አውጣ ላልሆነም ተከልክሏል።»

መስኮቱን ዘግቼ ፋኖሱን አጠፋሁ።

በዚያ ሰሞን ዛጎሉ መድከም ጀመረ። ቀድሞ ሲነኩት ጥርቅም ይል የነበረው፣ አሁን ማጠፊያው እንደዛገ በር ቀስ ብሎ ይገጥማል፤ ገጥሞም የጥፍር ያህል ክፍተት ይተዋል። ነሐሴ ገብቶ ነበር። እትዬ ጎንበስ ብለው አዩትና፣ «ምን ትጨነቃለህ? ፍልሰታን እየጾመ ነው» አሉኝ።

«እትዬ፣ ይቀልዳሉ? ሊሞት እኮ ነው።»

«ጾም የገደለው የለም፤ ሲፈታ ይፈታል።»

እኔ ግን መምህሩን ምን እንደምለው ነበር የማስበው።

በዚያው ሳምንት አለቃዬ ለገበሬ ማኅበራት የመታወቂያ ፎቶ እንዳነሣ ወደ ዳባት ላከኝ። ቁልፉን ለእትዬ ሰጥቼ፣ መስታወቱን በየጠዋቱ እንዲወለውሉልኝ ለምኜ ሄድኩ። ስመለስ ብልቃጡ በክፍሌ አልነበረም። ግቢ ውስጥ፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር፣ የልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። መስታወቱ አረንጓዴ ለሃጭ ለብሷል፣ ውኃውም የጎመን ቅቅል ይመስላል።

«እትዬ! ምን አደረጉት?»

«ነፍስ ያለው ነገር በተዘጋ ቤት ይቆለፋል? አወጣሁት። ውኃው ሲጎድል ከበርሜሉ ጨመርኩለት።»

«መወልወሉስ?»

«እኔ የዚህ ገረድ ነኝ?»

በርሜሉ የአሸንዳ ውኃ የሚጠራቀምበት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። ሬሳ ላወጣ እጄን ብልቃጡ ውስጥ ከተትኩ። ጣቴ ገና ሳይነካው ጥርቅም አለ።

ያን ቀን ሥራ አልገባሁም። ወደ ሐጂ ሄጄ ሌላ ብልቃጥ ለመንኩ።

«ወንድሜ፣ ከረሜላዬን በኪሴ ይዤ ልሽጥ?» አሉ፤ ግን ገልብጠው ሰጡኝ።

ሁለቱንም ብልቃጥ ከበርሜሉ በቀዳሁት አረንጓዴ ውኃ ሞላሁ። ዛጎሉን በአንዱ ብቻ አድርጌ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። በማግሥቱ ጠዋት መለኪያውን ከጀርባቸው ያዝኩ። ዛጎል በሌለው መርፌው ተኛ። ዛጎሉ ባለበት ብድግ አለ፤ ውኃው ጠርቶ ከጀርባው ያለው የአጥር እንጨት ይታያል። ዛጎሉ ከንፈሩን ከፈት አድርጎ በአንዲት ቀዳዳ ውኃ እየሳበ በሌላዋ ይተፋል። አረንጓዴውን የበላው እሱ ነበር።

መጽሔቱ አልዋሸም። የባሕሩ ዛጎል ማሳውን በገላው ውስጥ ይዞ ይኖራል፤ ብርሃን በቀጥታ ያስፈልገዋል። የጣናው ግን እንደ ከተማ ሰው ነው፤ ሌላው ያበቀለው እስኪመጣለት ይጠብቃል። ብርሃን የሚያስፈልገው ለውኃው ነበር። እኔ በየጠዋቱ በጥጥ የምወለውለው ምሳውን ነው።

ከዚያ ወዲያ መለኪያዬን ይዤ ለብልቃጡ ቦታ ፍለጋ ግቢውን እዞር ጀመር። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘውን፣ የቀትሩ ግን ውኃውን የማያሞቅበትን ቦታ ፈለግሁ፤ ዞሮ ዞሮ እትዬ ያስቀመጡበት ድንጋይ ሆነ። ውኃው በጠራ ቁጥርም ከበርሜሉ አረንጓዴውን እጨምርለት ነበር።

መምህሩ በመስከረም ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ መጣ። ከሰላምታ በፊት፣ «አለ?» አለኝ። ድንጋዩን አሳየሁት። አረንጓዴውን ብልቃጥ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«በዚህ አረንቋ ውስጥ?»

«ጣትህን ክተት» አልኩት።

ከተተ። ወዲያው «እህ!» ብሎ ሳቀ፤ ጣቱን ለማውጣት አልቸኮለም።

ትምህርት ሲከፈት ብልቃጡን ተሸክሜ ክፍሉ ድረስ ሄድኩ። ክፍሉ ጨለማ ስለነበር ከበሩ የሚገባውን ፀሐይ በፊት መስታወት መልሼ ዛጎሉ ላይ እንዳሳርፍ መምህሩ ከብልቃጡ ጀርባ አቆመኝ። ተማሪዎቹ በተራ እየመጡ ጎንበስ አሉ። ጥበቃውም ከነጠመንጃው ሰልፉ ውስጥ ነበር። ዛጎሉ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ቆየ፤ መምህሩም ዝም በሉ አለ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ጊዜ ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁ።

እኔ ግን መስታወቱን ይዤ ከኋላ ስለነበርኩ ሲከፈት አላየሁትም። ያየሁት በውኃው ውስጥ አልፎ የተለቀውን የእናንተን፣ የያኔ ተማሪዎቹን፣ ዓይን ነው። በዚያ ሰልፍ የነበራችሁ ካላችሁ፣ በየትኛው ጎኑ መከፈት እንደ ጀመረና ሥጋው በፀሐዩ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ጨምሩልኝ። በኋላም አንድ ሰው ዛጎሉን ወደ ጎርጎራ ይዞት ተመልሷል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ማን እንደሆነ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።