የእኔ ጽሑፍ፣ የሽቴፋን ስም

ዛሬ ጠዋት የሥራ ባልደረባዬ ሽቴፋን ሥልጠናውን ሊጀምር ስክሪኑን ሲያበራ የእኔ ጽሑፍ ወጣ። ከርዕሱ ሥር ያለው ግን የሱ ስም ነበር።

ጽሑፉ የዳታ ሴንተራችን አዲስ ሠራተኞች የሚማሩበት ነው፦ በኮምፒውተር ውስጥ ዳታ የሚያልፍበት ባስ ምንድን ነው፣ ሌን ምንድን ነው፣ ካርድ የሚሰካበት ስሎት ምንድን ነው። ኒድ ሰፈር ባለው ቤቴ ቁጭ ብዬ ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። (ሥዕሎቹም የእኔ ናቸው፤ ቀለማቸውን እንኳ ለመቀየር አልደከመም።)

አንዷ አዲስ ሠራተኛ "ካርዱን ባለ አሥራ ስድስት ሌን ስሎት ላይ ሰክቼው ለምን በስምንት ሌን ብቻ ይሠራል?" ብላ ጠየቀች።

"ካርዱ ተበላሽቷል፣ ይመለስ" አላት ሽቴፋን።

"አልተበላሸም" አልኩ ከኋላ። "ሌን ዳታ የሚመላለስበት መስመር ነው። ስሎቱ ረጅም ቢሆንም ውስጡ የተዘረጋው ስምንት መስመር ብቻ ሊሆን ይችላል። ገጽ አራት ላይ ጽፌዋለሁ።"

ሽቴፋን ገጽ አራትን መፈለግ ጀመረ።

በኋላ አለቃችን ኮሪደር ላይ አስቆመኝ። "ምን ያናድድሻል? የቡድኑ ሥራ አይደል?"

"የቡድኑ ከሆነ የሱም ስም ይሰረዛ" አልኩት። "ሰኞ ሦስታችንም እንነጋገር" ብሎኝ ሄደ።

ሰኞ ቴርሚን (ቀጠሮ) አለን፤ ስሜ ያለበትን የመጀመሪያውን ፋይል ይዤ እገባለሁ።

ሥራችሁ በሌላ ሰው ስም ሲቀርብ ቁጭ ብላችሁ ያያችሁ ካላችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ጻፉልኝ። እኔ ግን ከዛሬ ጀምሮ ስሜ ተፍቆ የቀረበ ሥራዬን ዝም ብዬ አላዳምጥም።