ለሽምግልና ስሄድ የተቀረጸው ቁጣዬ

ቅዳሜ ንጋት፣ ደብረ ማርቆስ

መናኸሪያው ስደርስ ገና ጎሕ አልቀደደም። የኅዳር ብርድ አጥንት ይሰብራል። ያለችኝን አንድ ኮት ለብሼ፣ ጋቢ ደርቤ፣ ባርኔጣ ደፍቼ፣ ጥቁር ጃንጥላዬን ይዣለሁ። መሪጌታ ጥበቡ ቀድመውኝ ከሚኒባሱ አጠገብ ቆመዋል። የሰፈራችን ደብር የቅኔ መምህር ናቸው። ዛሬ ግን የወጡት ከእኔ ጋር ለሽምግልና ነው።

የምንሄደው ከቡሬ ወጣ ብሎ ወዳለ የገጠር ቀበሌ ነው። የሟች እኅቴ ልጅ ሀብታሙ የወደዳትን ልጅ ከአባቷ ልንጠይቅለት። እኅቴ ስታርፍ ሀብታሙ ፊደል እንኳ አልቆጠረም ነበር። ከዚያ ወዲህ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ አሁን ባሕር ዳር መድኃኒት ቤት ይሠራል። ይህን ቀን ከሙሽራው በላይ የጠበቅሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ሌሊቱን ሙሉ የምናገረውን ቃል ሳገላብጥ ነው ያደርሁት።

«መምህር፣ ዛሬ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ» አሉኝ መሪጌታ ገና ሳንሳፈር። ዕድሜዬን ሁሉ ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ድምፄ ዛሬም ክፍል ውስጥ ያለሁ ይመስል ይጮኻል። እሺ አልኋቸው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ጅጋ

ደምበጫን አልፈን ጅጋ ስንደርስ ሾፌሩ ቁርስ ሊበላ ወረደ። መቼ እንደሚመለስ መጠየቅ ነውር ይመስል ማንም አልጠየቀም። እኔም ወርጄ ገበያውን አየሁ። ከገጠር በእግሩ የገባው ሰው መንገዱን ሞልቶታል። አንዲት ሴት ቀይ በርበሬ ጆንያ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ዋጋውን ነገረችኝና ሁለተኛ አልጠየቅኋትም። ለሀብታሙ የበርበሬውን ማማር ላሳየው ብዬ ስልኬን ሳወጣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«በርበሬውን ያንሡት የኔ ጌታ፤ እኔን ግን ይተዉኝ።»

ስልኩን ዝቅ አድርጌ በርበሬውን ብቻ አነሣሁ። መርቃ ሸኘችኝ። ነገሩ እንዲህ ቀላል ነው፤ አንዱ አይሆንም ይላል፣ ሌላው ይተዋል።

ቅዳሜ ረፋድ፣ ፍኖተ ሰላም

እዚህ መኪና እንቀይራለን። መናኸሪያው በበቆሎ ጆንያ፣ በባጃጅ ጥሩምባና በረዳቶች ጩኸት ታውኳል። የቡሬው ሚኒባስ ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። ከፊታችን ሕፃን ያዘለች ሴት አለች፤ ከእኛ በፊት ገብታ፣ ሒሳቧን ከፍላ ተቀምጣለች።

አንድ ነጋዴ መጥቶ ከረዳቱ ጋር ተንሾካሾከ። ረዳቱ ወደ ሴትዮዋ ዞረና «አንቺ ውረጂ፤ በሚቀጥለው ትሄጃለሽ» አላት። መጀመሪያ ለስለስ አድርጌ «ተው ልጄ፣ ቀድማ የገባች ናት» አልሁት። አልሰማኝም። ደገምሁለት። ይባስ ብሎ ክንዷን ይዞ ጎተታት፤ ስትወርድ የሕፃኑ ራስ ከበሩ ብረት ጋር ተጋጨ። ልጁ አለቀሰ። ያን ጊዜ ነደድሁ።

ወርጄ ጃንጥላዬን ሽቅብ አነሣሁና «አንተ ጅብ! እናት የለህም?» አልሁት። ሌላም ብያለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም። ጋቢዬ ጭቃው ላይ ወደቀ፣ ባርኔጣዬም ተከተለው። ረዳቱ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ ሴትዮዋም ወንበሯን አገኘች። እኔ ግን ትንፋሼን ሰብስቤ ዘወር ስል አንድ ጎረምሳ ስልኩን ፊቴ ላይ ደቅኖ አገኘሁት።

«ይቀጥሉ ጋሼ፤ አሪፍ እየመጣ ነው» አለኝ።

«ማን ፈቀደልህ?»

«አደባባይ ነው እኮ ጋሼ። አደባባይ ላይ የሆነ ነገር የሁሉም ነው።»

«አጥፋው።»

«ስድቡን ኢንተርኔት ላይ ለቅቄዋለሁ እኮ።»

ሳቀ ደግሞ። በክፋት አልነበረም፤ ይኸው ነው ይበልጥ ያናደደኝ። የመናኸሪያው በር ላይ የቆመውን ፖሊስ ጠርቼ አቤት አልሁ። ፖሊሱ ሴትዮዋ የሌለችበትን፣ ከጃንጥላዬ የሚጀምረውን ቪዲዮ ከጎረምሳው ስልክ ላይ አየ፤ ሁለተኛም አየው፤ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ። «መንገድ ላይ ያነሣን ሰው ማሰር አልችልም፤ ከፈለጉ ፍርድ ቤት ይሂዱ» አለኝ። ቀጥሎም ጃንጥላውን ያነሣሁት ሰው ልመታበት እንደ ሆነ ጠየቀኝ። ጋቢዬን ከጭቃው አንሥቼ ተሳፈርሁ። ከሳሽ ሆኜ ሄጄ ተከሳሽ ልሆን ምንም አልቀረኝም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡሬ

ማረፊያ ይዘን ምሳ ልንበላ አንዲት ምግብ ቤት ገባን። አስተናጋጇ ስልኳን ታያለች፣ እኔን ታያለች፣ ወደ ጓዳ ትገባለች። ከጓዳ ሳቅ ይሰማል። ጥብሱ ሲመጣ «አባባ፣ ዛሬ ደግሞ ማንንም እንዳይቆጡ» አለችኝ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ የእኔ ጉድ ኅዳር ላይ መጣ።

ለሀብታሙ በሰላም ገብተናል ልለው ስደውል ኔትወርክ የለም። የእኔን ቁጣ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ለማድረስ ግን ኔትወርኩ ሞልቶ ተርፏል።

አጠገባችን የሚበላ ሰው ጠበቃ መሆኑን ነገረን። አብረን ቆረስን፤ እኔም የሆነውን ሁሉ አጫወትሁት።

«ሕጉ ምን ይላል?» አልሁት።

«የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትና ማባዛት ይከለክላል።»

«እንዲያ ነዋ!» ብዬ ጉርሻዬን አስቀመጥሁ።

«ይቆዩ፣ አልጨረስሁም። ባለሥልጣን ከሆነ፣ ታዋቂ ከሆነ፣ ወይም ነገሩ የሆነው በአደባባይ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም ይላል።»

«እኔ ባለሥልጣን ነኝ? ወይስ ታዋቂ?»

«ከዛሬ ወዲያ ታዋቂ ሳይሆኑ አይቀሩም» አለና ሳቀ። መሪጌታም ሳቁ፤ እሳቸውን አልጠበቅሁም ነበር።

ታዲያ ሕጉ በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው ነጠቀኝ ማለት ነው። አደባባይ የወጣ ሰው ፊቱን ለሁሉ ትቶ ወጥቷል ማለት ነው? እኔ ቤቴ ውስጥ ብቆጣ ኖሮ ያቺን ሴት ማን ያስቀምጣት ነበር? ይህን ሁሉ ጠየቅሁት። ጠበቃው ለእኔም የሚባል ነገር እንዳለ፣ ስድቤን ብቻ ቆርጦ ማሳየቱ ሊያከራክር እንደሚችል ነገረኝ። ክሱ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ስጠይቀው ግን እጁን ጠራረገ።

«እስከዚያ የሚድሩት ልጅ ወልዶ ክርስትና ይጠራዎታል።»

እሑድ፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ

ቅዳሴ አስቀድሰን ባጃጅ ያዝን፤ ባጃጁ ከማይዘልቅበት በኋላ በእግር። ጤፉ ቢጫ ሆኖ አጨዳ ደርሷል፤ በቆሎው ተሸልቅቆ አገዳው ብቻ ቆሟል። እንዲህ ያለ አገር ውስጥ ሲሄዱ መናደድ ኃጢአት ነው። እኔ ግን እየተናደድሁ ሄድሁ።

የልጅቱ አባት አያ ደሴ ረዘም ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ገበሬ ናቸው። እንደ ወጉ በራፉ ላይ ቆምን።

«ግቡ እንጂ፣ ምነው ቆማችሁ?» አሉ።

«ጉዳይ አለን፤ ቆመን እንናገራለን» አልሁ።

ልጁ የእኔ ነውና ጠያቂውም እኔ ነበርሁ። ጉሮሮዬን ጠርጌ አፌን ስከፍት አያ ደሴ መዳፋቸውን ዘረጉና ወደ መሪጌታ ዞሩ። «ቤተ ክርስቲያን ትቅደም፤ እርስዎ ይናገሩልን» አሉ። አክብሮት ይመስላል፤ ማን ምን ይላል? መሪጌታ ተናገሩ። አሳምረው ተናገሩ። እኔ ጎናቸው ቆሜ የራሴን ጉዳይ በሰው አፍ ሰማሁ።

«ዘመድ እናማክርና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» ተባለ። ይህ በአገሩ ደግ መልስ ነው፤ የማይሰጥ ሰው አይቀጥርም። ደስ ብሎኝ ልቀመጥ ስል አያ ደሴ ክንዴን ይዘው ወደ ጭድ ክምሩ ወሰዱኝ።

«መምህር፣ አይቀየሙኝ። ትናንት ማታ ትንሹ ልጄ አሳየኝ።»

ምን እንዳሳያቸው አልጠየቅሁም። ስለ ሴትዮዋ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ሕፃኑ ራስ ነገርኋቸው። ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«አምንዎታለሁ» አሉ። «እኔም ብሆን ዝም አልልም። ግን እኔ አንድ ሰው ነኝ። የልጅቱ አጎቶች፣ የቀበሌው ሰው ያየው ጃንጥላውንና ስድቡን ነው። በየቤቱ እየዞርሁ ነገሩ እንዲህ ነበር ልበል? ነገ ልጄን ‹ያ ተሳዳቢ ሽማግሌ የጠየቃት› እንዲሏት አልሻም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል መምህር። ልጅቱን አንነፍጋችሁም። ለቀጠሮው ግን እርስዎ ይቅሩልኝ።»

ቢያመናጭቁኝ በተሻለኝ ነበር፤ የሚሞግቱት ክፉ ሰው እንኳ አልሰጡኝም።

«ቪዲዮው ላይ ስሜ የለም» አልሁ በመጨረሻ። «እኔ መሆኔን ሳልመጣ እንዴት አወቃችሁ?»

«እኔ ፊደል አልለይም። ልጄ ነው ከሥሩ የተጻፈውን ስምዎን ያነበበልኝ።»

እሑድ ከሰዓት፣ የመልስ መንገድ

ቡሬን ለቅቀን ትንሽ እንደሄድን ስልኬ ጮኸ። ሀብታሙ ነው።

«ጋሼ፣ እሺ አሉ?»

«እሺ ማለታቸው ነው። ቀጠሮ ሰጥተዋል።»

ጮቤ ረገጠ፤ በስልክም ቢሆን ያስታውቃል። ቆየት ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ቪዲዮውን አይቼዋለሁ ጋሼ። ሰው ሁሉ ሲስቅብዎት አላስቻለኝም። ከሥሩ ጻፍሁበት። ‹ይህ ሰው ያሳደገኝ አጎቴ ነው፤ ነገ ቡሬ ለእኔ ሽምግልና የሚሄድ የተከበረ መምህር ነው፤ ያለ ምክንያት አይቆጣም› አልሁ። ስምዎንም ጻፍሁት። ያነበበው ሁሉ ወዶታል።»

መስኮቱን ከፍቼ አየር ወሰድሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ጎረምሳውን፣ ፖሊሱን፣ ሕጉን፣ ኔትወርኩን ስረግም ነበር። አሁን ማንን ልርገም?

«ደግ አደረግህ ልጄ» አልሁት።

«ለቀጠሮውም እርስዎ ነዎት አይደል?»

«አይ፣ ወገቤን መንገዱ ጎድቶኛል። መሪጌታ ሌላ ሰው ይዘው ይሄዳሉ።»

«እርስዎ ካልሄዱማ ይቆይ፤ እስኪሻልዎ እንጠብቃለን።»

«አይቆይም። ጥር እየደረሰ ነው፤ ወገብ ደግሞ በአንድ ወር አይድንም።»

ስልኩን ዘጋሁና ወደ መሪጌታ ዞርሁ። ሁሉንም ሰምተዋል። ሐሰት የሚናገር ሰው ፊታቸው ቆሞ ሳይገሥጹት ሲያልፉ አይቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከሉልኝ።